ጆሮውን የወተፈ ምስክር

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ምን እንዳለችው አያውቅም። ሴትየዋ ወደ መስኮቱ እያመለከተች ደግማ ተናገረች፤ እሱም ደግሞ ነቀነቀ። በመጨረሻ በላዩ ላይ ተንጠራርታ መስኮቱን ራሷ ዘጋችና ገላመጠችው። «ደግሞ ይቺ!» አለ በሆዱ፣ ጆሮው ውስጥ የሚንቆረቆረውን ፒያኖ እያጣጣመ።

እነዚያ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ጆሮው ውስጥ ከገቡ ወዲህ ዓለም ተሻሽላለች ብሎ ያምናል። የውጭውን ጫጫታ ድራሹን ነው የሚያጠፉት። ረዳቱ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ሾፌሩ ክላክሱን ይጫናል፣ ድምፅ የለም። ሰው ድምፁ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያስቅ አንዴ ያየ፣ ተመልሶ ሊያከብረው ይቸግረዋል። እሱማ መጀመሪያም አላከበረውም።

የሚሠራው የውኃ ፓምፕ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው፤ የፕላን ባለሙያ ነው። ክፍሉን ከሌሎች ጋር ስለሚጋራ፣ ገና ከመቀመጡ ማዳመጫውን ይወትፋል። ሰው መጥቶ ካናገረው ይነቀንቃል፤ ሰውየውም ደስ ብሎት ይሄዳል። በዚህ ጠባዩ «ዲፕሎማቱ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ሙገሳ መስሎት ይኮራበታል፣ ቂል!

አንድ ቀን ግን የማዳመጫው ባትሪ አለቀ። አውጥቶ ቢያስቀምጠው ወሬኛ ሁሉ ይሰፍርብኛል ብሎ፣ ባዶውን ጆሮው ውስጥ ተወው። ሥራ አስኪያጁ የገባው ያኔ፣ ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ሳለ ነው። ከዲፕሎማቱ ኋላ ወደሚቀመጡት ወደ ንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ሊሄድ ሲል ቆም አለ፤ የዲፕሎማቱን ጆሮ ገርመም አደረገና ፊቱ ተፈታ።

«ጋሼ፣ ያንን ትልቁን ጄኔሬተር ዛሬውኑ ያውጡልኝ።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ የት ይሄዳል? ነገ እፈርምልዎታለሁ። ወንድሜ ቤት እያሠራ መብራት ሄዶበት ቆሟል።»

ጄኔሬተሩ እንደወጣ ቀረ። ፊርማውም ቀረ። ሥራ አስኪያጁ «የምን ጄኔሬተር?» አለና ሽማግሌው ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ በንብረት ማጉደል ተከሰሱ። ጥፋተኛ ከተባሉ ይባረራሉ። ባለፈው ሳምንት ከዲፕሎማቱ ጠረጴዛ ፊት መጥተው ቆሙ፤ እሱም ለአንዴ አንዱን ማዳመጫ አወጣላቸው።

«ልጄ፣ ያን ቀን እዚህ ነበርክ። ምናልባት ጆሮህ ጥልቅ ያለ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

«ሁሉንም ነው የሰማሁት ጋሼ። የዚያን ሌባ ጉድ አፈላዋለሁ።»

ሽማግሌው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉት።

ዛሬ ምስክርነቱ የሚሰማበት ቀን ነበር። ጠዋት ሚስቱ ቁርስ ላይ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው መዝዛ፣ «እንዳትሸሽ ደግሞ» ብላዋለች።

«ከማን ነው የምሸሸው? ከዚያ ቦርጫም?»

«እንዳልክ ይሁን። ሲያልቅ እደውላለሁ፤ አንሣ።»

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሲገባ ማዳመጫውን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ሽማግሌው ያላቸውን አንድ ኮት ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁን አየና ከራስ እስከ እግር ናቀው፤ ቦርጩ ላይ የተኛውን ከረባት፣ ጥርሱን የሚጎረጉርበትን እስክሪብቶ። ከአውቶቡስ ጀምሮ ያሰናዳው ንግግር አፉ ላይ ነበር።

ሰብሳቢዋ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ገና ስሙን ጠርታ ሳትጨርስ ሥራ አስኪያጁ ቀደማት።

«ይሄን ልጅ ባታስቸግሩት ጥሩ ነበር። ሥራ ላይ ጆሮው ድፍን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ወደ እሱ ዞሮ ፈገግ አለ። «የዚያን ዕለትም ማዳመጫህ ጆሮህ ላይ ነበር። አይደለም እንዴ?»

ፈገግታው እንደተወደደ አለቃ ፈገግታ ነው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። ዲፕሎማቱ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ሰበረ። ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንደነበር እውነት ነው፣ አለ ለራሱ፤ እውነት መናገር ደግሞ ምን ነውር አለው? ነቀነቀ።

«በቃልዎ ይናገሩ» አለች ሰብሳቢዋ፤ «ጭንቅላት ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም።»

«አዎ… ጆሮዬ ላይ ነበር።»

«ስለዚህ የሰሙት ነገር የለም?»

አሁንም ነቀነቀ። ሰብሳቢዋም ሰለቻት መሰለኝ፣ ቃል ሳትጠይቀው ጻፈች።

ሽማግሌው ከጥጋቸው ቀና አሉ። አልጮኹም።

«ልጄ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ ብለኸኝ አልነበረም?»

ራሱ እንደለመደው ነቀነቀ። ሳያስበው ነው፤ ግን ሁሉም አዩት። ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቀረች።

ሥራ አስኪያጁ በሳቅ ፈነዳ። «ይኸውላችሁ! አልነገርኳችሁም? ይሄ እኮ ሰው ነህ ቢሉትም ይነቀንቃል፣ በግ ነህ ቢሉትም ይነቀንቃል።» ሰብሳቢዋም ሳቋን በመዳፏ ሸፈነችና፣ «በሉ ይውጡ» አለችው። ዲፕሎማቱ ሁልጊዜ በሚንቃቸው ሰዎች ፊት እንደተናቀ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው የስንብት ደብዳቤ ደረሰ።

ክፍሉ ሲገባ የሚያወሩት ሰዎች ፊታቸውን ወደየጠረጴዛቸው መለሱ። ሽማግሌው መሳቢያቸውን ባዶ እያደረጉ ነበር። መነጽራቸውን፣ ስኒያቸውን፣ ብርድ ሲሆን ወንበር ላይ የሚያነጥፏትን ሹራብ ፌስታል ውስጥ ከተቱ። ከዚያ እየዞሩ ተሰናበቱ፤ አንዷን «የኔ ልጅ»፣ አንዱን «ወንድምዬ» እያሉ። ጸሐፊዋ አለቀሰች።

ዲፕሎማቱ ማዳመጫውን አላደረገም። ቢሰድቡኝ እሰማለሁ፣ ይስደቡኝ፣ ብሎ ጠበቀ። ምናልባትም ከተሰደብኩ በኋላ ተነሥቼ ወደ ሰብሳቢዋ እሄዳለሁ ብሎ አሰበ፤ ይህን ካሰበ በኋላ ትንሽ ቀለል አለው። ሽማግሌው ግን በጠረጴዛው አጠገብ እንደ ባዶ ወንበር አልፈውት ወጡ። ከእሳቸው በኋላም በክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ወደ እሱ አልዞረም።

ያኔ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ሚስቱ ናት። የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ዞረ።

የማዳመጫውን ማስቀመጫ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተው። ቀይ መብራቷ አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች፤ ባትሪው አልቋል። ባዶ መሆናቸውን እያወቀ ሁለቱንም ጆሮው ውስጥ ወተፋቸው፤ ስልኩ እየጮኸ፣ ያልሰማ መስሎ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።