ሽምግልናው ምሰሶው ስር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሽማግሌ ቤታችሁ መጥቶ ያውቃል? ለልጅ ጋብቻ አይደለም፣ ለምሰሶ?

እኛ ቤት መጣ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የእድራችን ሰዎች አቶ ሰይፈሥላሴና አቶ ባጫ በር ላይ ቆመዋል።

«ግቡ እንጂ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እትዬ ጽጌማርያም» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «ሄቨንን ይጥሩልን።»

ሄቨን ልጄ መሐንዲስ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ ስታጣ የቀጠራት ኢንጂነር ፈቀደ ነው፤ እንደ አባት ሆኖ ነው ሙያውን ያሳያት። እሱ ግን ቤቴል ያለ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሄዶ ሳያይ፣ ሌላ ፎቅ ይጨመርበት ብሎ ፈረመ። ምድር ቤቱ ደግሞ የሕፃናት መዋያ ነው። ሄቨን ምሰሶው መሰንጠቁን አይታ ብትነግረው «አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት። ያኔ ለመሐንዲሶች ማህበር ከሰሰችው። ማህበሩ ከአባልነት ካሰናበተው በዚህ ዕድሜው ማን ያምነዋል? ሽማግሌ የላከውም ለዚሁ ነው።

«ልጄ፣ እንጀራ ያበላሽ ሰው ነው» አሏት አቶ ሰይፈሥላሴ። «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ወዲያው።

አቶ ባጫ ደስ ብሏቸው ሊቀመጡ ወንበር ሳቡ።

«ክሱን ግን አላነሳም።»

ወንበሩን መልሰው ገፉት። «ምን ዓይነት ይቅርታ ነው ይሄ? የፈረንጅ ነው?»

«አባባ፣ እሳቸው እኮ እኔን አልበደሉኝም። እኛ ብንታረቅ ስንጥቁ ይደፈናል?»

መሀል ቆሜ ጨነቀኝ። ሽማግሌን ባዶ እጁን መመለስ አልወድም፤ የፈቀደም ውለታ አለብን። እነዚያ ሕፃናት ደግሞ ዓይኔ ላይ መጡብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«እርቁ ይሁን። ግን እዚያው፣ ምሰሶው ስር ቁጭ ብለን። ፈቀደም ይምጣ።»

በማግስቱ በታክሲ ሄድን። ሕፃናቱ ምሳ በልተው ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። ፈቀደም መጣ። አቶ ባጫ አግዳሚው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ቀና ብለው ምሰሶውን አዩት። ጣታቸው ስንጥቁ ውስጥ ገባ።

«ሰይፈ፣ እኔ እዚህ አልቀመጥም!»

«አስታራቂ ሆነህ ትፈራለህ?»

«አንተ ተቀመጣ፣ ጀግናው!»

ፈቀደ አልሳቀም። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች በእጁ ተከተለው። ከዚያ ዞሮ የተኙትን ልጆች ቆም ብሎ አያቸው። ስልኩን አውጥቶ ለሕንፃው ባለቤት ደወለ፦ «ሥራው ይቁም። ልጆቹም ዛሬውኑ ይውጡ።»

ሲጨርስ ወደ ሄቨን ዞረ። «ክሱስ?»

«አላነሳም፣ ጋሼ። መጥተው ማየትዎን፣ ልጆቹንም ማስወጣትዎን ግን እናገራለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ተቀይሞ ይሁን ተስማምቶ አላወቅኩም። ሕፃናቱን ግን እኛ ሴቶቹ ከሞግዚቶቻቸው ጋር እየቀሰቀስን፣ እሱ ጫማቸውን እያቀበለን አስወጣናቸው።

ሐሙስ ሁለቱም ማህበሩ ፊት ይቀርባሉ። እሱም አፍሮ እንዳይቀር፣ እሷም ውለታ ቢስ ተብላ እንዳትቀር ነው የኔ ጭንቀት። አደራ፣ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። የሷ የክርስትና ስም ወለተጻድቅ ነው። የሱንም ስንለያይ ጠይቄዋለሁ፤ ሀብተማርያም በሉ።