እርድ የነካው ገበሬ

አረጋሽ ሱቁ ስትደርስ ከድሩ ለአንዲት ሴት ስኳር እየጠቀለለ ነበር። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ተራ የደብተር ወረቀት ነው። ተመስገን አለች በሆዷ።

"ጋሽ ከድሩ፣ ጠዋት እናቴ ያመጣችው ወረቀት የት አለ?"

"ሰላምታ የለም? መጀመሪያ አከም ጂርታ አይባልም?" አለ ከድሩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከደብተሮቹ መሀል የሥዕል መጽሐፍ ነበር። ሳታውቅ ነው ያመጣችው።"

ጳጉሜን ነው። እናቷ ወይዘሮ ተረፈች ቤቱን ስትገለብጥ አርፍዳ የዓምናውን ጋዜጣ ከግድግዳው ልጣ ጣለች። በምትኩ የምትለጥፈውን ጋዜጣ ለማግኘት የትንሿን ልጇን የደራርቱን ያለቁ ደብተሮች ሰብስባ ለከድሩ መጠቅለያ ሰጠች። የዘጠኝ ዓመቷ ደራርቱ የአባቷን መጽሐፍ ከደብተሮቿ መሀል እንደሸጎጠች ማን ይንገራት።

መጽሐፉን ያመጣው አባታቸው ነገሳ ነው። ቡራዩ አንድ የፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ሳለ፣ የፈረንጁ ልጆች አድገው ሲተውት፣ ሽፋኑ የወለቀውን ይዞ መጣ። ነገሳ ማንበብ አይችልም ነበር። እሑድ እሑድ ግን አረጋሽን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ያልተጻፈውን ሁሉ ያነብላታል። ዝይዋ በኦሮምኛ ትሳደባለች፤ አህያው ሱሉልታ ድረስ ሄዶ ጨው ይገዛል። ደራርቱ ይህ ሁሉ አልደረሳትም፤ እሱ ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም። ፎቶም አልነበረውም። "አባዬ ምን ይመስል ነበር?" እያለች ስታስቸግር፣ አረጋሽ አንድ ቀን መጽሐፉን ገልጣ አህያ የሚጎትተውን ባለሪዝ ገበሬ አሳየቻት። ሪዙ እውነትም የነገሳን ሪዝ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ያንን ገጽ ሳትስም ከቤት አትወጣም። ዛሬ ስታጣው መሬት ላይ ተንከባለለች። አረጋሽም ከጨርቅ ፋብሪካው ገና መመለሷ ነበር፤ ምሳ ሳትቀምስ ሮጠች።

ከድሩ ከባንኮኒው ሥር መጽሐፉን አወጣ። "ወፍራም ነው፣ ለቅመም ይሆናል ብዬ ለይቼዋለሁ። የቀደድኩት አንዲት ቅጠል ብቻ ነው።"

አረጋሽ ገለጠች። ዝይዋ አለች። ውሻው አለ። ገበሬው የለም።

"ለማን ሰጡት?"

"ለያለምወርቅ፣ ለጠላ ሻጯ። እርድ ጠቅልዬላታለሁ። እሳት ሳታያይዝበት ድረሺ።"

በጭቃው እየተንሸራተተች ገበያውን አቋረጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ፎቶ አንሺ ባለሦስት እግር ሣጥኑን ባሕር ዛፉ ሥር ተክሏል። በአጠገቡ አለፈች እንጂ ልብም አላለችው።

ያለምወርቅ ምድጃዋ ፊት ተቀምጣ እሳቱን እፍ ትላለች። በእጇ የተጨማደደ ወረቀት ይዛለች።

"እትዬ ያለምወርቅ፣ እባክዎ እሱን ወረቀት አያቃጥሉት።"

"ምን አገኘሽ፣ ልጄ? ወረቀት እኮ ነው።" ዘርጋ አድርጋ አየችው። ግማሹ በእርድ ቢጫ ሆኗል። "ማነው ይሄ?"

"አባቴ ነው" አለች አረጋሽ። ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበራትም።

ያለምወርቅ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋች። "ነገሳ? የነገሳ አፍንጫ እንዲህ ድንች አያክልም ነበር።" ደግማ አየች። "ሪዙስ የሱ ነው።"

አረጋሽ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ አመለጣት። ወረቀቱን ተቀብላ መጽሐፉ ውስጥ አስገባችው።

ቤት ስትደርስ ደራርቱ ገጹን ነጥቃ ሳመችው። አፍንጫዋ ቢጫ ሆነ። "አባዬን ምን ቀባችሁት?"

"ለአዲስ ዓመት ነው" አለች አረጋሽ።

ተረፈች እጇ በዱቄት ሙጫ እንደተለወሰ ግድግዳው ሥር ቆማለች። "እጄን ይቁረጠው። አላየሁትም እኮ።" ቀረብ ብላ መጽሐፉን በክርኗ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ ዝይ የምትጠብቀው ወፍራም ሴት ጋ ስትደርስ ቆመች። "እኔ ስሞትስ? ይህቺን ፈረንጅ እናታችን ናት ልትሉ ነው?"

ደራርቱ ከት ብላ ሳቀች። አረጋሽ ግን አልሳቀችም። የልብስ ሣጥኑን ከፍታ የእናቷን የበዓል ነጠላ አወጣች።

"ታጠቢ፣ እማዬ። ፎቶ አንሺው ገና ገበያ ነው።"

"እኔ? በዚህ ጭቃ?"

"እግርሽን አያነሳም።"

"ግድግዳውስ? ሙጫው ይደርቃል እኮ።"

"ሌላ እናቦካለን።"

ተረፈች ከሙጫው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ልጆቿ አየች። እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አደራርቃ፣ ነጠላውን ለበሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ደራርቱ ተመለሰችና ገጹን ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደች።

"እንግዲያው እሱም ይምጣ" አለች።