ግጥሙን አውርጂው

ሰባተኛው አስተያየትም እንደ ስድስቱ ሁሉ «ዋው» የሚል ነበር። ሰሎሜ ስልኳን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ በፊቱ ደፋችው። ሰባት ሰው፣ ሰባት «ዋው»፤ አንዱ እንዲያውም አበባ ጨምሮበታል። ግጥሙን ለመጻፍ አራት ወር ፈጅቶባት ነበር።

ቢቸና በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ታድላለች። በሥራ መካከል ስንኝ ሲመጣላት ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ ጀርባው ላይ ትጽፋለች፤ ብሎጓን «የካርቶን ጀርባ» ብላ የሰየመችውም ለዚህ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ አዲስ ግጥም ሳትለጥፍ ቀርታ አታውቅም። አንባቢዎቿ ቢበዙ ስልሳ ይሆናሉ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ወረፋ፣ ሐኪም የጻፈላቸውን ማንበብ ስለማይችሉ ሽማግሌዎች ጽፋላቸዋለች። ስለ እናቷ ግን ጽፋ አታውቅም ነበር፤ እስከ ትናንት ዓርብ ድረስ።

*እኩለ ሌሊት ላይ ከቤትሽ ተባረሽ፣*
*እኔን በጀርባሽ ላይ በነጠላ አዝለሽ…*

ግጥሙ እንዲህ ብሎ ይጀምርና ሃያ ስንኝ ይሄዳል። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አባትና እናቷ ተለያይተዋል። ከዚያ ዘመን የቀራት አንድ ትዝታ ብቻ ነው፤ የእናቷ ጀርባ፣ ረጅም መንገድ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ አቧራ። የቀረውን ራሷ ሞልታዋለች። አባቷን መሪጌታ አካለ ወልድን በልጅነቷ ልታያቸው በሄደች ቁጥር ትጠይቃቸው ነበር። «የእናትሽ ነገር ከእናትሽ ጋር ነው» ይሉና ወደ ቅኔ ተማሪዎቻቸው ይመለሳሉ። ዝምታቸውን የበደለኛ ዝምታ አድርጋ ወስዳዋለች። እሳቸውም ይኸው ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ለአንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ አስረድታ ስትጨርስ ስልኳ ጮኸ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ።

«ሰሎሜ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣሽብን?»

«እንደምን አደሩ ጋሼ። የምን ጉድ?»

«ግጥምሽን አነበቡልኝ። ወንድሜን በእኩለ ሌሊት ሚስቱን ከነልጇ ያባረረ አውሬ አድርገሽ በዓለም ፊት አቆምሽው።»

«ግጥም እኮ ነው ጋሼ።»

«ግጥምማ አላጣሁትም። ለመሆኑ ‹ተባረሽ› እና ‹አዝለሽ› ቤት መታ ይባላል? ‹ሽ› እና ‹ሽ› ገጥመሽ! አባትሽ ቢሰማ ከስድቡ ይልቅ በዚህ ነበር የሚያፍረው።»

ሰሎሜ ዓይኗን ጨፈነች።

«የዛሬ ሳምንት ሙት ዓመቱ ነው» አሉ አጎቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተማሪዎቹ ከደብረ ወርቅም ከደብረ ኤልያስም ይመጣሉ። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ? ዛሬ ሳይመሽ አውርጂው። ካላወረድሽው አጎት አለኝ አትበይ።»

ስልኩን ከዘጉት አፍታም ሳይቆይ እናቷ ከሞጣ ደወለች።

«ሥራ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ እስከ ስድስት። እማ፣ ግጥሙን ሰምተሽ ከሆነ…»

«በስልክ አይሆንም። ስትጨርሺ ነይ።»

«ሞጣ ድረስ? እማ፣ እኔ ነገ…»

ተዘግቷል።

*

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ሾፌሩ በየአሥር ደቂቃው «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» ይላል፤ ሁለት ሰው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰው ይቀራል። ሰሎሜ መስኮቱ ጥግ ተጨናንቃ ተቀምጣ አንድ ነገር ወሰነች። እዚያው መኪናው ውስጥ ግጥሙን ታጠፋዋለች። ሞጣ ስትደርስ «አውርጄዋለሁ» ብላ ለሁለቱም ትገላገላለች። ሲጀመር ለማን ብላ ነው? ለሰባት «ዋው»?

ብሎጓን ከፈተች። ነጭ ገጽ መጣ፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ክብ ትዞራለች። ቢቸናን ለቀው ሲወጡ ትዞራለች። ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጩ ትዞራለች። ደብረ ወርቅ ደርሰው ተሳፋሪ ሲወርድና ሲወጣ ኔትወርኩ ብቅ አለና ገጹ ተከፈተ፤ ነገር ግን ማጥፊያውን ከመንካቷ በፊት ስምንተኛውን አስተያየት አየች። አምበር የሚኖር አዳሙ የሚባል አንባቢ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጽፍ ነው፤ ሲጽፍ ግን አንብቦ ነው።

«ግጥሙ ደኅና ነው። እናትየዋን ግን አላገኘኋትም። ያየሁት ነጠላዋን ብቻ ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ብላ ጻፈችና አጠፋችው። «እናቴን ከእኔ በላይ ታውቃታለህ?» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ሦስተኛውን ስትጀምር ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ነበር፤ ያቺ ክብ መዞር ጀመረች። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያነብ ሰው ስትፈልግ ኖራ፣ አንድ ያነበበ ሰው ሲገኝ አንገቱን ብታንቀው ደስ ባላት። አጎቷ ላይ ተናደደች፣ ኔትወርኩ ላይ ተናደደች፣ አጠገቧ ተኝቶ ትከሻዋ ላይ ራሱን የጣለው ሰውዬ ላይም ተናደደች። እስከ ሞጣ ድረስ እንደተናደደች ሄደች።

*

የእናቷ የፈንታነሽ ልብስ ስፌት ሱቅ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ሰሎሜ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ስትገባ እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋች ነበር፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሱቁን ከእሷ ጋር የምትጋራው ጥልፍ ጠላፊዋ ማናለሽ ከወንበሯ ተነሥታ ሰሎሜን ሳመቻት። ዓይኗ አብጧል።

«የኔ እህት፣ እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው! ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሱቁ በሙሉ ተላቀሰ።»

«አንቺ ነሽ ያነበብሽላት?»

«እኔ ነኛ! እትዬ ጥሩአየሁ ልብስ ልትለካ መጥታ፣ ሳትለካ እናትሽን አቅፋ ስታለቅስ ቆይታ ሄደች።»

ፈንታነሽ ቀና አላለችም። «ማናለሽ፣ እስቲ ያንን ቀሚስ ለባለቤቷ አድርሺላት» አለች። ማናለሽ ገባትና ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የስፌት መኪናው ኮሌታውን ዳር ዳሩን ይዞ ተንቀጠቀጠ።

«አንብቢልኝ» አለች ፈንታነሽ። ፊደል አልቆጠረችም። «የማናለሽ አነባበብ ያስለቅሳል። አንቺ ሳታስለቅሺ አንብቢው።»

ሰሎሜ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ስልኳን ይዛ አነበበች። ሃያው ስንኝ ሲያልቅ እናቷ ክሩን በመቀስ ቆረጠች፤ ኮሌታውንም ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«እማ…»

«እውነቴን ነው የምጠይቅሽ። ማን ናት? እኔን ማንም አላባረረኝም።»

ሰሎሜ የማናለሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሌሊትም አልነበረም» አለች ፈንታነሽ። «ቀትር ነበር፤ የገበያ ቀን። አባትሽ ቅኔ ሲያስቆጥር ሄጄ ‹ልሄድ ነው› አልኩት። ሂጂም አላለኝ፣ ቅሪም አላለኝ። መኪናዬን አህያ ላይ አስጫንኩና በገበያው መሐል ሄድኩ። ያላየኝ ሰው የለም።»

«ይሄንን መኪና?»

«ይሄንኑ። የመሪጌታ ሚስት የሰው ልብስ አትሰፋም ብሎ ጓዳ አስገብቶት ነበር። አልመታኝም፤ ክፉ ቃልም አልተናገረኝ። መኪናዬን ግን ጨርቅ አልብሶ ሁለት ዓመት ጓዳ አስቀመጠው። በየቀኑ ወጥ ልሠራ ስገባ አየዋለሁ። በሦስተኛው ዓመት አቃተኝ።»

ሰሎሜ «ይቅርታ» ማለት እንደነበረባት ታውቃለች፤ አፏ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«እኔስ? እኔን አዝለሽ አይደለም እንዴ?»

«አላዘልኩሽም።»

መኪናው ቆሟል። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማና አለፈ።

«ቤት አልነበረኝም። የማድርበት እንኳ አልነበረኝም። መኪናውን ወሰድኩ፣ አንቺን ከአባትሽ ጋር ተውኩሽ። አሥራ አንድ ወር።»

«አስታውሳለሁ እኮ!» ሰሎሜ ጮኸች። «ጀርባሽ ላይ ነበርኩ፤ አቧራው አፌ ውስጥ…»

«እሱ ልወስድሽ ስመጣ ነው። ክፍል ከተከራየሁ፣ ደንበኛ ካበጀሁ በኋላ መጣሁ። አልተከራከረኝም አባትሽ። ልብስሽን በራሱ እጅ አጥቦ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ።»

መሪጌታ አካለ ወልድ ጎንበስ ብለው የሕፃን ልብስ ሲያጥቡ ሰሎሜ ልታያቸው ሞከረች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የፈረደችባቸው ሰው ናቸው። ትናንት ደግሞ ፍርዱን በስልሳ ሰው ፊት አነበበችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ለምን?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» ፈንታነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሳች። ዓይኗ ውስጥ ዕንባ አልነበረም፤ የደከመ ንዴት እንጂ። «ስትጠይቂ የኖርሽው እሱን ነው። ለእኔ ከንፈርሽን ትመጪልኛለሽ። ስታድጊ ‹ምስኪን እናቴ›፣ ስትማሪ ‹ምስኪን እናቴ›። አሁን ደግሞ ጽፈሽ ለሰው ሰጠሽው።»

ሰሎሜ ስልኳን አነሳች። «እሺ። አወርደዋለሁ። ጋሼም አውርጂው ብለውኛል፣ አንቺም ለዚህ ነው የጠራሽኝ። ሁላችሁም ደስ ይበላችሁ።»

«ማን አውርጂ አለሽ?»

«እና ምን ላድርገው?»

«አርሚዋ! እዚህ ሱቅ የተበላሸ ልብስ ሲመጣ ፈትቼ እሰፋለሁ፤ አልጥለውም።»

«ልጇን ትታ ሄደች ብዬ ልጻፍ? ሰው ሁሉ እንዲያነበው? ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?»

«የሚሉትን ብለው ጨርሰዋል። በልጇ ፈንታ ብረት ተሸክማ ሄደች ብለውኛል። ውኃ ስቀዳ ብለውኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ብለውኛል። እሱን ችዬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጥሩአየሁ አቅፋኝ ‹አይዞሽ አንቺ የተጣልሽ› ስትለኝ ግን አልቻልኩም። አርባ ተማሪ በሰፋሁት ልብስ በደጄ ሲያልፍ እያየሁ እኔ የተጣልኩ ነኝ?»

ሰሎሜ ብሎጓን ከፈተች። ሞጣ ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነበር፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ማረሚያው ውስጥ ገባች። «እኩለ ሌሊት» የሚለውን አጥፍታ «ቀትር» ብላ ጻፈች። ስንኙ ተሰበረ። «ተባረሽ» የሚለውን አጠፋች፤ በቦታው የሚገባ ቃል አላገኘችም። «አዝለሽ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ያን ቃል ካነሳች ከሥሩ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ቀስ እያለች ሃያውንም ስንኝ አንድ በአንድ አጠፋች። ርዕሱ ብቻ ቀረ፤ ከሥሩ ነጭ ባዶ ቦታ።

ግጥሙ ሲጠፋ ያልጠበቀችው ጥያቄ ከሥሩ ወጣ። ለመጠየቅ ጉልበት ፈለገች።

«ስትሄጂ… አልቅሼ ነበር?»

ፈንታነሽ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ነበር፤ አልረገጠችውም።

«አላውቅም» አለች። «በር ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስታቦኪ ነበር። አለፍኩሽ። ከዚያ ወዲያ ዞሬ አላየሁም።» እግሯን ከመርገጫው አነሳችና፣ «ዞሬ አይቼ ቢሆን ኖሮ አልሄድም ነበር» አለች።

ስልኩ በሰሎሜ እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአጎቷ ስም መጣ። «ጋሼ ናቸው» አለች ለእናቷ። ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ ድረስ ማንም አልነካውም፤ ካበቃ በኋላ ባዶው ገጽ ተመልሶ መጣ።

ሰሎሜ ከማናለሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ የክር ካርቶን አነሳች፤ ቀድዳ ጀርባውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ብዕር ከቦርሳዋ ፈለገች።

«እማ» አለች፣ «አህያው የማን ነበር?»

ፈንታነሽ ኮሌታውን ከመኪናው ሥር አወጣችና ወደ ጎን አደረገችው። ወንበሯን ስባ ወደ ልጇ አዞረችው።