አማርኛ የሚሰማ እግር

በላይነሽ ያን ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ የሄደችው ልጇን ከትራክተር ላይ ልታወርድ ነው። ሌላ ነገር የሚነግራችሁ ካለ አትስሙት። ከነጋ ጀምሮ ደስ ብሏት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሱዳኗ ዶካ ገበያ መሀል ስታልፍ ላገኘችው ሁሉ «እንዴት አደራችሁ!» ትል ነበር። አረም ላይ አብረዋት የሚውሉ ሴቶች «ምነው በላይነሽ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አግኝተሽ ነው?» ብለው ቀለዱባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ የሙያ ክፍል ከከፈተ ገና ቅርብ ጊዜው ነው። ተማሪው ከሒሳቡና ከጂኦግራፊው ጎን አንድ የእጅ ሙያ ይዞ ይወጣል፤ ብየዳም ይሁን፣ የመብራት ሥራም ይሁን፣ ስፌትም ይሁን፣ ትራክተርም ይሁን። ሴቶቹ ስፌት ገቡ። ማንም ግቡ አላላቸውም፣ እንዲያው ተያይዘው ገቡ። የበላይነሽ ልጅ ማስተዋል ግን፣ ስሟን ያወጣላት ሰው ይቅር ይበለኝና፣ ትራክተር አለች።

«ትራክተር ምን?» አለች እናት።

«መጠገንና መንዳት።»

«ማን ነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኛ፣ እማዬ!»

ኧረግ! በላይነሽ የዚያን ለት እራት አልበላችም። አትፍረዱባት። ታናሽ ወንድሟ ቻላቸው ፋሽጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ከማሳ ሲመለስ የትራክተር ፓራፋንጎ ላይ እንደተቀመጠ ወድቆ ነው የቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እሷም የትራክተር ድምፅ ከሰማች መንገድ ትቀይራለች። ባሏ አገኘሁ ለሥራ ሀዋታ ወደሚባል ከተማ ሄዶ ነበርና ደወለችለት። እሱ ደግሞ እንደ ወንዶቹ ሁሉ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጅቷ ከወደደችው ግን ምናለበት?» ብሎ ሁለቱንም ወገን በአንድ አፍ ደግፎ ስልኩን ዘጋ።

ማስተዋል ተማረች። ሞተር ፈታች፣ መልሳ ገጠመች። ጥፍሯ ሥር ግሪስ እየያዘች ስትገባ እናቷ «እጅሽን ታጠቢ፣ ሰው ምን ይላል!» ትላታለች፤ እሷ እየሳቀች ትታጠባለች። ካላዩ የሚባል የክፍሏ ልጅ፣ ከትግራይ ስደተኞች ካምፕ እየመጣ የሚማር፣ «ሞተሩ ማስተዋል ካልዳሰሰችው አይነሳም» እያለ ይምልላት ነበር። ችግሩ የመጣው መንዳቱ ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ አስነስታ፣ ትንሽ ሄድ እንዳለች ቀጥ! ፍሬኑን ረግጣ ትቆማለች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ።

አስተማሪው ኡስታዝ ኺድር ናቸው፤ ካርቱም ውስጥ ስንቱን መካኒክ ያወጡ፣ ጦርነቱ አፈናቅሎ ዶካ ያመጣቸው ሰው። ታገሡ፣ ታገሡና ቁርጡን ተናገሩ። ልጅቷ ማሽን ትፈራለች። የፈራ ሰው መሪ ከያዘ ሌላውን ይገድላል። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ትሞክር። ሜዳው ላይ የተተከሉትን ምሰሶዎች ዞራ ከተመለሰች ትቀጥላለች፤ ክረምቱ ሲገባ ባለ እርሻዎቹ ከሚወስዷቸው ልጆች ጋር ለልምምድ ትወጣለች። ካቃታት ወደ ስፌት። ወላጅም መጥቶ ይይ።

ማስተዋል ይህን ለእናቷ ስትነግር አለቀሰች።

«እግሬ ይከዳኛል፣ እማዬ። ሁሉን አውቀዋለሁ እኮ! ማርሹን አውቀዋለሁ፣ ፍሪሲዮኑን አውቀዋለሁ። እግሬ ግን እንጃለት። ፈሪ ነኝ መሰለኝ።»

በላይነሽ ፊቷን አዞረች፤ ደስታዋ እንዳይታይባት ነው። እግዜር ይቅር ይበላት፣ በልቧ «እሰይ የልጄ እግር!» ነበር ያለች።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተቀበለቻት ዙሌካ ናት፣ የስፌት አስተማሪዋ። ዙሌካ ገላባት ተወልዳ፣ ከመተማ ልጆች ጋር ድንበር እየተሻገረች ተጫውታ ያደገች ናት። አማርኛውን እንደኛው ታወራዋለች፤ ስትሳደብማ ከኛም ትበልጣለች።

«በይ ነይ፣ በላይነሽ። መስኮቱ ሥር ጥሩ የስፌት መኪና ለይቼላታለሁ» አለቻት።

«ተባረኪልኝ! ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ቀሚስ ሰፍታ ትደር። ሌላ ምን እላለሁ?»

ሁለቱ ከሜዳው ዳር ቆሙ። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ናፍቆት ተሰነጣጥቋል። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። ማስተዋል ከዩኒፎርሟ ሥር ሱሪ ለብሳ ወንበሩ ላይ ወጣች። እናቷን አላየቻትም፤ ወይም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ኡስታዝ ኺድር እጃቸውን አነሡ። ሞተሩ አጓራ። ትራክተሩ ቀስ ብሎ ተነቃነቀና መሄድ ጀመረ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንገዳገድ። በላይነሽ ትንፋሿን ዋጠች። እንዴ! ልጅቷ ትችላለች እኮ። ከዚያ ኡስታዙ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጮኹ።

«ቁሚ! ቁሚ!»

ማስተዋል ቆመች።

በላይነሽ ደስ አላት። አማርኛም ያውቃሉ ለካ፣ ብላ አሰበች። ልጄም ታዛዥ ናት፣ ቁሚ ሲሏት ቆመች። ኡስታዙ ግን ጭናቸውን በጥፊ መቱ። ልጆቹ ሳቁ። ካላዩ ብቻ ራሱን ያዘ።

«ምን ሆነው ነው የሚቆጡት?» አለች በላይነሽ።

«ቆመችባቸዋ።»

«ታዲያ ቁሚ አሏት!»

ዙሌካ አልሰማቻትም፤ ለሁለተኛው ሙከራ ሞተሩ እንደገና አጓርቶ ነበር። ትራክተሩ ተነሣ። ኡስታዙ ዝም እስካሉ ድረስ እንደ ሙሽራ አጀብ ቀስ እያለ፣ ኮራ እያለ ሄደ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ሊዞር ሲል ኡስታዙ አላስቻላቸውም፤ ሊያበረታቷት ነው መቼም፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኹ። «ቁሚ!» ቀጥ። ሞተሩም ጠፋ።

አሁን በላይነሽ የዙሌካን ክንድ ያዘች። «ምንድን ነው የሚሏት? በይ ንገሪኝ።»

«ጉሚ ነዋ! በዐረብኛ ተነሺ፣ ቀጥዪ ማለት ነው። ሌላው ሰው ያላ ይላል፤ እሳቸው ግን ያላ የሚባለው ለአህያ ነው፣ ማሽን ክብር አለው ባይ ናቸው።»

ጉሚ! በላይነሽም ለብቻው ቢነግሯት ታውቀዋለች። አረም ላይ አለቃው ጧት ጧት «ጉሙ!» እያለ አይደል የሚያስነሣቸው? ከሞተር ጩኸት ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ግን ጆሮ የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው። ለዙሌካ ጆሮ ጉሚ ጉሚ ነው። ለበላይነሽ ጆሮ ቁሚ ነው። ለማስተዋል እግርም እንዲሁ።

እዚያው እንደቆመች አንድ የድሮ ቀን ታወሳት። ወደ ሱዳን የመጡ ለት የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ማስተዋል ትንሽ ልጅ ናት፤ ቀድማ ወደ ውሃው ዳር ስትሮጥ በላይነሽ የዳሩ አፈር ሲሰነጠቅ አየች። ልትይዛት አልደረሰችም፤ ከሆዷ አውጥታ «ቁሚ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ በአንድ እግሯ ቀጥ አለች። አፈሩ ከጣቶቿ ፊት ተገምሶ ውሃ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቁሚ ካሏት ማስተዋል ድንጋይ ናት፤ ምንም ብታስብ፣ የትም ብትሆን። እግሯ አልከዳትም። እናቱን ነው የሰማ።

እንግዲህ ጉዱን የምታውቅ በላይነሽ ብቻ ናት። አንድ ሙከራ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ጉሚ ይሉና ማስተዋል ትቆማለች፤ ነገሩም ያልቃል። ትራክተር የለ፣ ፋሽጋ የለ። ልጇ በሕይወት ኖራ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትውላለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። በላይነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ዝም ልትል ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ጨርሳ ቆርጣ ነበር።

ያኔ ማስተዋል ከወንበሩ ላይ ሆና ዞር አለች። ፊቷ ላይ ግሪስና እንባ ተቀላቅሏል። እናቷን አየቻትና ፈገግ አለች፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዓይነት ፈገግታ፣ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ። አየሽ፣ ፈሪ ልጅ ነው የወለድሽው፣ የምትል መሰለች።

ይኼ ነው በላይነሽን የቆረጣት። ስፌቱስ ስፌት ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ልጄ ዕድሜ ልኳን ፈሪ ነኝ ብላ ልትኖር? በኔ ቃል? በኔው ዝምታ? አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ በላይነሽ ሳታስበው ሜዳው መሀል ገብታ ነበር።

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። አንቱታው ከአፏ ጠፋ። «ቁሚ እያልካት በምን እግሯ ትሂድ? ቁሚ ይላል፣ ስትቆም ይቆጣል! ኧረ የፍርድ ያለህ!»

ኡስታዝ ኺድር ደነገጡ። ዙሌካ እየሮጠች ደርሳ አስረዳቻቸው፤ ጉሚ ያሉት በነሱ ጆሮ ቁሚ ነው፣ ቁሚ ደግሞ ባለሽበት ቀጥ በይ ማለት ነው። እሳቸው መጀመሪያ አላመኑም። «ጉሚ» አሉ ለራሳቸው። «ቁሚ» አሉ። እንደገና አሉት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ሱብሐነላህ! ስንት ጊዜ ሙሉ ልጅቷን ቁሚ እያልኩ ቆመች ብዬ ስቆጣ ነበር!»

«እኔም ራሴ አላወቅሁትም» አለች ማስተዋል ከላይ ሆና። አፏ ተከፍቶ ቀርቷል። «እኔም አላወቅሁትም እኮ፣ እማዬ!»

ኡስታዙ መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ ደግሞ ጥሩ ሰው ናቸው። «እሺ፣ በናንተ ቋንቋ ቀጥዪ የሚባለው እንዴት ነው?»

«ሂጂ» አለች ዙሌካ።

«ሂጂ?» አሉና ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። በዐረብኛው እኮ ሐጅ አድርጊ ማለት ነው የሚመስል! ክርስቲያኗን ልጅ በትራክተር ወደ መካ ሊሰዷት! ኡስታዙ እንባቸውን ጠረጉ። «አይ፣ ይኼን እኔ አልጮኸውም። ያ ኻላ» አሉ ወደ በላይነሽ ዞረው፣ እንደ አክስት አክብረው፣ «አንቺ በያት። እግሯ የሚያውቀው ያንቺን ድምፅ ነው።»

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣ። ሁሉም ሰው ወደ በላይነሽ ዞረ።

በላይነሽ አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ለካ ብላት አታውቅም! ግቢ ብላታለች፣ ነይ ብላታለች፣ ተቀመጪ ብላታለች። ውሃ ስትልካት እንኳ «ቶሎ ነይ» ነው የምትል። ቻላቸው ትዝ አላት። ልጇ መሪውን ጨብጣ፣ አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች። እንዲህ ሆና ስትጠብቃት አይታት አታውቅም።

«ሂጂ» አለች በላይነሽ፤ አጠገቧ የቆመችው ዙሌካ እንኳ አልሰማችም።

«ጮክ በይ እንጂ! ሞተር ነው እኮ!»

«ሂጂ!» አለች። «ሂጂ፣ ልጄ! ሂጂ!»

ትራክተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ዞረ። በላይነሽ ሳይታወቃት ከጎኑ ትሮጥ ጀመር፤ ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። ሁለተኛውን ዞረ። «ሂጂ!» ልጆቹ ተነሥተው ያጨበጭባሉ፤ ካላዩ ጫማውን ወደ ላይ ይወረውራል። ሱዳኖቹም «ሂጂ! ሂጂ!» ማለት ያዙ፤ የሐጁ ነገር ተረስቷል። በላይነሽ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች፤ ፈርታለችም። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፣ አብሯት ይሮጣል። ማስተዋል የመጨረሻውን ምሰሶ ዞራ ፊቷን ወደ መነሻው መስመር መለሰች። አቧራው መሀል ጥርሷ ይታያል።

ኡስታዝ ኺድርና ዙሌካ ደርሰው ከበላይነሽ አጠገብ ቆሙ። ደንቡ መስመሩ ላይ መቆም ነው።

«ያ ኻላ፣ አሁን ደግሞ ቁሚ በያት» አሉ፤ ዙሌካ ተረጐመችላት።

በላይነሽ እያለከለከች ልጇን አየቻት።

«አልልም።»

«እንዴት አትይም? መስመሩን ልታልፍ ነው እኮ!» አለች ዙሌካ።

«አልልም አልኩ! እስከ ዛሬ ያልኋት ይበቃታል። መቆሙን ራሷ ታውቀዋለች።»

ማስተዋል መስመሩ ላይ ደረሰች፤ ማንም ምንም ሳይላት ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ረገጠች።