አባባ እማዬን ያጨ ዕለት

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ፊቱ ግን የማይፈታ። ደንበኛ ሲለካ ትንሽ ከተነቃነቀ «ቁም!» ነው። እማዬ ቁልፍ ስትተክል ክሩን ካስረዘመችው «ሰነፍ ረጅም ክር ትወዳለች» ይላታል። እሷም ዋጥ አድርጋው ኖረች።

መርሳት ሲጀምረው ከሁሉ አስቀድሞ የጠፋው ቁጣው ነው። የምታክመው ሐኪም «በሽታው ጠባይም ይለውጣል። ደግሞ በአንድ አይረጋም» ብላን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዘንባል። የመስኮቱ ብርሃን በመጋረጃው ተጣርቶ ስለሚገባ የስፌት ክፍሉ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። አባባ የሐር ቁራጭ ጭኑ ላይ ዘርግቶ እንደ ድመት ይደባብሰዋል። እኔ ጥግ ላይ ልብስ አጣጥፋለሁ። እማዬ ሻይ ይዛ ስትገባ ብድግ አለላት። ለማንም ተነስቶ የማያውቅ ሰው!

«ይቀመጡ፣ እመቤቴ» አላት። «ሳይዎት ደስ ይለኛል። ባለትዳር ነዎት?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እማዬ ግን ረጋ ብላ ተቀመጠች።

«ባል አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሻዩን እፊቱ አስቀምጣ «እጁ ወርቅ፣ አፉ እሬት» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ደከመሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም።»

የአባባ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምን ዓይነቱ ድንጋይ ነው! ይተዉትና እኔን ያግቡኝ። ሙያ አለኝ፤ ጦምዎን አያድሩም።»

«ታሟል እኮ» አለች እማዬ። «ታሞ እንዴት ጥዬው እመጣለሁ?»

አባባ አሰበ፤ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትዎን ነው። የታመመ አይጣልም። እንግዲያው እስኪሻለው እጠብቃለሁ።»

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ።

«እማዬ፣ አባባ እኮ ነው! ያ ቁጡው አባቴ ናፍቆኛል። አንቺን አይናፍቅሽም?»

«ልጄ፣ አንቺ አባት እየሄደብሽ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «እኔ ደግሞ ስጠብቀው የኖርኩት ሰው ገና አሁን ከደጅ መግባቱ ነው። እስኪ ትንሽ ተዪኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሻይ ከማቅረቧ በፊት ፀጉሯን ታበጥራለች። አንዳንድ ቀን ተነስቶ ይቀበላታል። አንዳንድ ቀን «ማን አስገባሽ!» ብሎ ብርጭቆውን ይወረውራል። ያን ጊዜ ስብርባሪውን ትለቅምና፣ ወንበሯን ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ እዚያው ትቀመጣለች።