ብርሃን የበላው ጎን

በወላጆቼ ሰርግ ላይ ፎቶ ያነሳው ሰውዬ ካሜራው ውስጥ ፊልም አላስገባም ነበር። ቀኑን ሙሉ «ፈገግ በሉ» እያለ ሲያስገለፍጣቸው ውሎ በሳምንቱ ጉዱን ይዞ መጣ። አባቴ በንዴት የራሱን ካሜራ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

እንጀራው ግን ንድፍ ነበር። ቢሮ የውሃ ቧንቧ መስመር ሲስል ይውላል፤ ቤት ሲገባ ዕቃ ቤቱን አጨልሞ ፎቶ ያጥባል። እኔንና ወንድሜን ከነንፍጣችን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰው፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር አንስቷል። እናቴን ብቻ «አንቺ የት ትሄጃለሽ? እደርስብሻለሁ» ይላት ነበር። እሷም ትስቃለች። ያ ሳቅ ዛሬም ያናድደኛል።

ስትሞት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ፎቶ አጣን። የመታወቂያዋን ባመጣለት፣ ደንግጣ ያፈጠጠችውን አይቶ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለና መለሰልኝ። ከዚያ የድሮ ፊልሞቹን ኔጋቲቭ ከየካርቶኑ ማውጣት ጀመረ።

«ድምጿ አለ፤ አረማመዷም አለ» አለኝ ያን ሰሞን። «ፊቷ ጋ ስደርስ ይጠፋብኛል።»

ፈራሁ። እኔም እንደዚያው ሆኜ ነበር።

ያገኛት በየፊልሙ መጀመሪያ ላይ ነው። አዲስ ፊልም ሲያጎርስ የመጀመሪያውን ፎቶ ግማሹን ብርሃን ይበላዋል። ለቁም ነገር ስለማይሆን፣ ካሜራው መሥራቱን ለማየት አጠገቡ በተገኘው ሰው ላይ ይሞክረዋል። አጠገቡ የምትገኘው ደግሞ እሷ ነበረች፤ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ እኔን አዝላ። በሁሉም ላይ ቀኝ ፊቷ አለ፣ ግራው ነጭ ነው። ፊልሙ ሁልጊዜ በአንድ በኩል ስለሚገባ የሚበላው ጎን አንድም ቀን አልተለወጠም።

ሳምንቱን ሙሉ እነሱኑ ሲያጥብ ሰነበተ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ፣ ከሙሽርነቷ እስከ ሽበቷ በአንድ ዓይን ታየናለች። ወንድሜ እዚያ ክፍል መግባት ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አኖረ።

«ቁጭ በይ። ፀጉርሽን እንደሷ ወደኋላ አድርጊው።»

«ለምን?»

«ቁርጥ እናትሽን ነሽ። ግራሽን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ፀጉሬን ወደኋላ አስሬ ተቀመጥኩለት።

ከእኔ ዕድሜ ጋር የሚመጣጠነውን የእሷን ግማሽ መርጦ፣ በምላጭ ቆርጦ አጋጠመን። የተጋጠመውን መልሶ አነሳውና ሳሎን ሰቀለው። አክስቴ ገና ከበር ስታየው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እህቴን! ልክ እሷን» አለች። አባቴ እንደ ልጅ ደስ አለው። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ቆሞ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል።

እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን ስፈልግ የምትመጣው ያቺ የግድግዳዋ ሆነች። ድሮ ቢያንስ ባዶ ቦታ ነበረኝ። አሁን እሱም ላይ ራሴ ተቀምጬበታለሁ። ከእሷ የቀረኝ ያ ባዶ ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ከሞላ በኋላ ነው።

«አባዬ፣ አውርደው» አልኩት አንድ ጠዋት።

ዞሮ አላየኝም።

«ይቺን አውርጄ ማንን ልይ?» አለ ቀስ ብሎ። «የፊተኛዋን እኮ ረስቻታለሁ።»

እኔም ረስቻት ነበር። አልነገርኩትም።