የልጅነቷ ምስክር

ከከተማው ሾፌሮች ብዙዎቹ መንጃ ፈቃድ ያወጡት በእሳቸው እጅ ነው። ስማቸውን ግን የሚያነሳ የለም፤ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላቸው። መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ከተማሪው ጎን ተቀምጠው፣ በእሳቸው በኩል በተገጠመው ተጨማሪ ፍሬን ላይ እግራቸውን እንዳሳረፉ ይውላሉ። ተማሪው አንዲት ምልክት ከዘለለ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ቀጥሎ ቁጣው ይወርዳል። ቅጽል ስማቸውን ያውቁታል። ደስም ሳይላቸው አልቀረም።

ሚስታቸው የሞተችባቸው ልጃቸው ፊደል እንኳ ሳትቆጥር ነበር። ያቺን አንድ ልጅ ብቻቸውን ያሳደጓትም እንደ መኪናው ትምህርት በደንብና በሥርዓት ነው። ጫማ በሩ ሥር ይሰለፋል። ቁልፍ ምስማሩ ላይ ይሰቀላል። ልጅቷ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ደጃፍ ላይ ቆማ የያዘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ትጠራለች፤ «ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ ሹራብ፣ የቤት ሥራ።» አንዱን ከዘለለች እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

አድጋ ፀጉር ሠሪ ሆነች። እጇ የተባረከ ነው። «እሷ ከሌለች ሌላ ቀን እመለሳለሁ» የሚሉ ደንበኞች አሏት። ከአባቷ ቤት ወጥታ የራሷን ክፍል ከተከራየች ወዲህ ግን ኑሮዋ ተመሰቃቀለ። ቁልፏን በሩ ላይ እንደተሰካ ትታው ትሄዳለች። የጣደችው ውሃ ተንኖ ያልቅና ድስቱ ያራል። አንዷን ደንበኛ በቀጠረችበት ሰዓት ሌላዋን ትደርብበታለች፤ ሁለቱም በር ላይ ሲገናኙ እሷ መግቢያ ይጠፋታል።

አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ላይ ቀለም አደረገችና፣ እስኪይዝ ድረስ ብላ የሌላዋን ፀጉር መቁረጥ ጀመረች። ቁርጡ ልቧን ይዞት ሄደ። ብንን ስትል ቀለሙ ከልኩ አልፏል፤ የደንበኛዋ የግንባር ፀጉር እንደ ደረቅ ሣር እጇ ላይ እየተበጣጠሰ ቀረ። ሴትየዋ ነርስ ነበረች። መጀመሪያ ጮኸችባት፤ መጮኽም ይገባታል። ልጅቷ ሰበብ አልደረደረችም። ይቅርታ ጠይቃ፣ የተጎዳውን ክፍል በሚያምር አጭር ቁርጥ ታስተካክልላት ጀመር። ነርሷ በመስታወቱ ውስጥ ስታስተውላት ቆየችና፣

«እንዲህ የሆንሽው ዛሬ ነው ወይስ ሁልጊዜም እንዲህ ነሽ?» አለቻት።

«ከተፈጠርኩ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ተመርመሪ። ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር አለ። ሐሳብን እንደ ልብ ማዘዝ አለመቻል ነው። የልጆች ብቻ አይምሰልሽ።»

ልጅቷ ስለ ነገሩ ስታነብ፣ ክፍሏን በመስኮት አጮልቆ ያየ ሰው የጻፈው መሰላት። በማግሥቱ አንድ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ደውላ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዘች። «ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አሏት። «እንዲህ ያለ ነገር የሚጀምረው በልጅነት ነው፤ ያየ ሰው ቢነግረን ይጠቅመናል።»

ከአባቷ ሌላ ማን አላት?

የምትሠራበት ፀጉር ቤት ባለቤት ይህን ስትሰማ ማበጠሪያዋን ጣለች። እሷም መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በእሳቸው እጅ ነው። «ፍሬንን? አእምሮ ሐኪም ዘንድ? ኧረ እባክሽ! ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ነው የሚረግጡብሽ።»

«ይርገጡ» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «ሞተሩ አይጠፋም።»

በምሳ ሰዓት ወደ ማለማመጃው ሜዳ ሄደች። አባቷ ተማሪ ሸኝተው መኪናው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ የፊት መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። በሾፌሩ በኩል ገባች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» አሏት ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ምንም አልጠፋብኝም፣ አባባ። ላነጋግርዎት ነው የመጣሁት።»

«በሥራ ሰዓት?»

«በምሳ ሰዓት።»

ሰዓታቸውን አዩ። እውነቷን ነው።

ልጅቷ የምትለውን ፀጉር ቤቱ መስታወት ፊት ቆማ ደጋግማ ተለማምዳዋለች። በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «አባባ፣ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። የአእምሮ ሐኪም ነው። ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር እንዳለብኝና እንደሌለብኝ መመርመር እፈልጋለሁ። በልጅነቴ የሚያውቀኝ ሰው ያስፈልጋል፤ እርስዎ አብረውኝ እንዲመጡ እፈልጋለሁ።»

የአባቷ እግር ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ቆሟል፤ ሞተሩም ጠፍቷል።

«የምን ሐኪም አልሽኝ?»

«የአእምሮ።»

«አብደሻል?»

«አብጄ ቢሆንማ ቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ።»

«እንግዲህ ዝርክርክነትም የበሽታ ስም ወጣለት በይኛ!» ጨርቁን ወዲያ ጣሉት። «በሽታ አይደለም። ልብሽን ሰብስቢ፣ አለቀ! ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?»

«ዕድሜ ልኬን ነግረውኛል። ልብ በቁጣ የሚሰበሰብ ቢሆን ኖሮ የእኔ ልብ እስከዛሬ ተሰብስቦ፣ ታጥፎ፣ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።»

ሳቅ መጣባቸው፤ ስለ መጣባቸውም ይበልጥ ተናደዱ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆይተው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለበትም። እዚያ ቀርቤ ምን ልበል? ‹አጉድዬ ነው ያሳደግኋት› ልበል?»

ይህን መስታወቱ ፊት አልተለማመደችውም። ግን ቃል አልጠፋባትም።

«አባባ፣ ይስሙኝ። እርስዎ ቤት ሳለሁ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ያውቃል?»

«ማን ሊያጠፋው!»

«እሱን ነው የምልዎት። ምስማሩን የመቱት እርስዎ፤ ደጃፍ ላይ የሚያስጠሩኝ እርስዎ። ሥርዓቱ የእርስዎ ነበር፤ እኔ ከቤት ስወጣ እሱ እዚያው ቀረ። እስከዛሬ ማንም ያላወቀብኝ እኮ እርስዎ ደግፈው ስላቆሙኝ ነው። አጉድለው አይደለም፤ የጎደለኝን እርስዎ ሲሞሉልኝ ኖረው ነው።» ወደ እሳቸው ዞረች። «ካወራን አይቀር ደግሞ ሌላውንም ልንገርዎት። ‹ዝርክርክ› ሲሉኝ ያመኝ ነበር። እየጣርኩ ነበራ።»

አንድ ወጠምሻ ተማሪ መጥቶ በጥፍሩ መስኮቱን ቆረቆረ።

«ውረጂ፣ ተማሪ መጥቷል» አሏት።

ወረደችና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች። «ሐሙስ ጠዋት ነው። ቢመጡም ባይመጡም እሄዳለሁ። ቢመጡልኝ ግን ደስ ይለኛል።»

ወደ ሥራዋ ስትመለስ ትከሻዋ ቀሏታል። አባቷን ሳትጮኽ፣ ሳታለቅስ፣ ያሰበችውን ሁሉ ስትነግራቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐሙስ ክሊኒኩ ስትደርስ፣ አባቷ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ዘገየሽ።»

«ኧረ ገና ነው፣ አባባ።»

«ቀድሞ ያልደረሰ ዘግይቷል። ደግሞ የመጣሁት ለመታዘብ ነው። እንዳትሳሳቺ።»

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ከልጅቷ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ወደ አባትየው ዞረች።

«በልጅነቷ እንዴት ነበረች?»

«ጤነኛ።»

«ትምህርት ላይስ?»

«ጎበዝ።»

ከዚያ በኋላ አፋቸውን ገጠሙት። ልጅቷ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ሐኪሟ ጥያቄዋን ቀየረች።

«መኪና ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ። እንዴት ያለች ተማሪ ነበረች?»

አባትየው ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ስለ ልጃቸው መሸፋፈን ይችሉ ይሆናል፤ ስለ ተማሪ ሲጠየቁ ግን መዋሸት አይሆንላቸውም።

«እንደሷ ያለ ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ። «ኳስ ከግቢ ተንከባሎ ሳይወጣ ታየዋለች። ውሻ በሉት፣ ሕፃን በሉት፣ በቆመ መኪና ውስጥ በር ሊከፍት የሚዘጋጅ ሰው በሉት፣ እኔ ሳላየው እሷ ፍሬን ይዛለች። ‹የሚቀጥለው ላይ ወደ ቀኝ ታጠፊ› ስላት ግን ‹እሺ› ትልና ቀጥ ብላ ታልፈዋለች። ደግሜ እነግራታለሁ፤ ደግማ ታልፈዋለች። እልኸኛ ትመስለኝ ነበር።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እልኸኛ ብትሆን ኖሮ አታለቅስም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ምሳ ዕቃዋን አውቶቡስ ላይ እየረሳች እንደምትመጣ፤ የቤት ሥራ ስትሠራ ጥለዋት ወጣ ብለው ሲመለሱ ሬዲዮኑን ፈታታ እንዳገኟት፤ የአሻንጉሊቷን ፀጉር ስትሠራ ግን ጣሪያው ቢናድ እንደማትሰማ፣ ሁሉንም አወሩ። ሐኪሟ ትጽፋለች። በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቃቸው፣

«እኔም እቆጣት ነበር» አሉ። «በጣም።»

ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ኳሱን ከእሳቸው ቀድማ ታይ እንደነበር እስከዚያ ቀን ነግረዋት አያውቁም።

«ይህ ነገር በዘር ይመጣል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ብዙ ጊዜ በቤተሰብ ውስጥ ይታያል» አለች ሐኪሟ።

«ከእናቷ ወገን ይሆናል» አሉ ፈጥነው። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሐኪሟም ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

ምርመራው በዚያ ቀን አላለቀም። በሌላ ቀጠሮ ሐኪሟ ውጤቱን አስረዳቻት፤ ነርሷ እንደጠረጠረችው ኤዲኤችዲ ነው። መድኃኒት አዘዘችላት፤ ሥራዋን እንዴት እንደምታደራጅም መከረቻት። ያን ቀን አባቷ የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ነበር የመጡት።

«ከተማሪዎቼም መካከል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

«ታዲያ እንዴት ይማራል?»

«ትእዛዙን ያሳጥሩለት። አንድ በአንድ ይንገሩት። ቁጣ አይጠቅመውም።»

የመጨረሻዋ ቃል አልጣመቻቸውም፤ ግን አልተከራከሩም። ውጭ መንገዱ ዳር ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ያኔ አልገባኝም ነበር» አሉ፣ የሚያልፉትን መኪናዎች እያዩ።

«እኔም አልገባኝም ነበር፣ አባባ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አልተስተካከለም። ልጅቷ ሽርጧ ላይ የምትጮኽ ትንሽ ሰዓት አንጠለጠለች፤ ቀለም ባደረገች ቁጥር ትሞላታለች። መድኃኒቱን ስትጀምር ምግብ ዘጋት፤ ሐኪሟ መጠኑን አስተካከለችላት። አባቷ ደግሞ በየጠዋቱ «ዋጥሽ?» እያሉ ይደውሉ ጀመር። ጥቂት ታገሠችና፣ «አባባ፣ ይህንን እኔው ራሴ ልያዘው» አለቻቸው። «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ተቀይመው ይሆን እያለች ስታስብ ሰነበተች።

አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ሳለ በሩ ተከፈተና አባቷ ገቡ። እዚያ እግራቸው ረግጦ አያውቅም፤ እሳቸው የድሮ ፀጉር አስተካካያቸውን አይለውጡም። የፀጉር ቤቱ ባለቤት እንደ ተማሪነቷ ጊዜ ብድግ ብላ ቆመች። አባትየው ተራቸውን ጠብቀው የልጃቸው ወንበር ላይ ተቀመጡና አንገታቸውን አቀኑ።

«ከጎንና ከጎን አሳጥሪው» አሉ በመስታወቱ እያዩዋት። «ከላይ ብዙ አትንኪ። ከኋላ ደግሞ...»

«አባባ» አለች ልጅቷ ጨርቁን አንገታቸው ላይ እያሰረች። «ይሄ የእኔ ሥራ ነው።»

አንገታቸውን ለቀቅ አደረጉላት። መቀሷን አነሳችና መቁረጥ ጀመረች።